ለ10 ቀን የጎልፍ ጉዞ፣ መልክዓ ምድራቸው የሚያምር የትኞቹን ሜዳዎች ልምረጥ?

በጎልፍ መድረካችን ላይ በዚህ ጥያቄ የውይይት ክር የከፈተው ሰው ለዓመታት ሲያነብ እንጂ ሲጽፍ ያላየነው ነው። ሰላምታውን ከነአክብሮቱ አስረዝሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት የ10 ቀን ፈቃድ እንዳለው፣ ከአንድ ሰው ጋር ባሕር ተሻግሮ ጎልፍ ሊጫወት እንዳሰበ፣ ነጥብ መቁጠሩ ግድ እንደማይሰጠውና የሚፈልገው ዓይን የሚያጠግብ ቦታ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ለወራት ፎቶ ሲሰበስብ ቆይቶ አምስት ሜዳዎች መርጧል፦ ካሊፎርኒያ ያለው ፔብል ቢች፣ አየርላንድ ውስጥ ኪንሴል አጠገብ ያለው ኦልድ ሄድ፣ ሰሜን አየርላንድ ያለው ሮያል ካውንቲ ዳውን፣ ኒውዚላንድ ያለው ኬፕ ኪድናፐርስና ኖርዌይ ያለው ሎፎተን ሊንክስ። የጠየቀውም የቱን ልተው ብሎ አይደለም፤ በምን ቅደም ተከተል ልዙራቸው ነው። አምስቱንም፣ በ10 ቀን።

ሣቄ መጣ፤ ግን እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ያለ ዝርዝር ጽፌ ስለማውቅ ዝም ብዬ ማንበብ ቀጠልኩ።

መልስ 1 መልካም ጉዞ ተመኝቶ ዝርዝሩ ግሩም እንደሆነ መሰከረ፤ ከዚያ ምንም ሳይቀንስ ስድስተኛ ጨመረበት። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያለውን፣ ፒት ዳይ በ1971 የሠራውን ቲዝ ኦፍ ዘ ዶግ። ጠያቂው በደስታ አመሰገነ።

መልስ 2 የቀን መቁጠሪያ ይዞ መጣ። ሎፎተን ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚታደረው በግምት ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ነው፤ ያን ጊዜ ኒውዚላንድ ብርድ ላይ ናት። ኒውዚላንድ ስትሞቅ ደግሞ ሎፎተን በጨለማና በበረዶ ውስጥ ነው፤ ኦልድ ሄድም በብርዱ ወራት በሩን ይዘጋል። ስለዚህ አምስቱ ሜዳዎች በአንድ ወር ውስጥ አብረው እንደማይኖሩ በትሕትና አስረዳ። መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ካርታውን ትቶ ሉል ገዝቶ እንዲያይ መከረው።

መልስ 4 ላይ ቆም ብያለሁ፤ ከክሩ ሁሉ ይህን ነው ያስቀመጥኩት። ጸሐፊው ሜዳ ሳይሆን ፎቶ እየተመረጠ ነው ባይ ነው። እነዚያ ምስሎች የሚነሡት ፀሐይ ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ጥላው ረዝሞ እያንዳንዱን ጉብታ ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ ያው መሬት እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ልሙጥ ይሆናል። ደግሞ የሚነሡት ከድሮን ነው። ተጫዋቹ የሚያየው ሁለት ሜትር ከማይሞላ ከፍታ ነው፤ ሊንክስ በሚባለው የባሕር ዳር አሸዋማ ሜዳ ላይ ደግሞ በእሱና በባሕሩ መሃል የአሸዋ ክምር አለ። ባሕሩን ይሰማል፣ ጨውን ከንፈሩ ላይ ይቀምሳል፣ ግን አያየውም። ስለዚህ አንድ ሜዳ ከመመረጡ በፊት ውኃው ከስንት ጉድጓድ (ሜዳው ከሚከፈልባቸው የመጫወቻ ክፍሎች) ላይ እንደሚታይ መቁጠር እንደሚገባ ተናግሮ፣ ፔብል ቢች ላይ በባሕሩ ዳር ያሉት ሰባት ብቻ ናቸው ሲል ምሳሌ ሰጠ።

ምሳሌው ላይ ግን ተሳሳተ። መልስ 5 ወዲያው አረመው፤ ፔብል ላይ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ድረስ፣ ከዚያም 17ኛውና 18ኛው የባሕር ዳር ናቸው፣ ዘጠኝ ይሆናሉ። ሰባቱ የቲዝ ኦፍ ዘ ዶግ ቁጥር ነው። ያው ሰው አክሎ ስለ 7ኛው ጉድጓድ ጻፈ፦ ከ100 ያርድ ብዙም የማያልፍ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚመታ፣ መሐረብ የምታህል ግሪን፣ ማለትም ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለበት አጭር ሣር፣ ያለው። ንፋስ በሌለበት ቀን በአጭሯ ዱላ የሚደረስበት ሲሆን፣ ንፋሱ ከፊት ሲነሣ አይረን የሚባለውን የብረት ዱላ፣ ያውም ረጅሙን፣ የሚያስመዝዝ ነው። በ1992 የዩኤስ ኦፕን ውድድር የመጨረሻ ቀን ቶም ካይት ከግሪኑ ውጪ ካለው ሣር አንሥቶ በቀጥታ ጉድጓድ ውስጥ የከተተው እዚያ ላይ ነው። መልስ 6 ራሱ 4ኛው ነበር፤ ስሕተቱን አምኖ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ብዙ አልዘለቀም።

መልስ 7 እነዚህ ሁሉ ይቅሩና ካሊፎርኒያ ያለው ሳይፕረስ ፖይንት ይሻላል፣ 16ኛው ጉድጓድ በውቅያኖሱ ላይ አሻግሮ የሚመታ ስለሆነ የሚወዳደረው የለም አለ። ስለ ውበቱ ማንም አልተከራከረም። መልስ 8 ግን የአባላትና የእንግዶቻቸው ክለብ እንደሆነ አስታወሰው፤ አባል የሆነ ሰው ካልጋበዘ በገንዘብ የሚገባበት አይደለም፣ ኦገስታ የሚባለው ዝነኛ የአሜሪካ ክለብም እንደዚያው። በብሪታንያና በአየርላንድ ግን ነገሩ ይለያል፤ ሮያል ካውንቲ ዳውንን የመሰሉ የአባላት ክለቦች እንኳ በተወሰኑ ቀናት እንግዳ ይቀበላሉ፣ አስቀድሞ መጻፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህ ልዩነት ለጉዞ አቃጅ ከማንኛውም የምርጦች ዝርዝር የበለጠ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ዝርዝር ግማሹ የተዘጋ በር ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጠያቂውን በእርስዎ ነበር የሚያናግረው። መልስ 9 በአንተ ጀመረ። ሃንዲካፕህ (ለደካማ ተጫዋች ከፍ የሚለው የችሎታ ቁጥር) ስንት ነው ሲል ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ። ሃያ ስምንት ከሆነ ሮያል ካውንቲ ዳውን ላይ የሚያየው ተራራ ሳይሆን የራሱን ጫማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ አጎንብሶ ኳስ ሲፈልግ ይውላልና። ገደል ላይ የተሠራ ሜዳ የሚያምረው ኳስህን ገደሉን ማሻገር ስትችል ብቻ ነው፣ ካልሆነ ውድ ኳስ ለዓሣ መቀለብ ነው የሚል ጨምሮበታል። ስሎፕ የሚባለውን የሜዳ አስቸጋሪነት ቁጥርም አነሣ፤ አማካዩ 113፣ ጣሪያው 155 ነው። ከ113 እየበለጠ በሄደ ቁጥር ሜዳው ደካማውን ተጫዋች ከጎበዙ አብልጦ ይቀጣል። ነገሩ እውነት ነው። አነጋገሩ ግን ሰውየው ዕዳ ያለበት አስመስሎታል።

መልስ 10 የአንዲት ሴት ነበር፣ ቁጣዋም ግልጽ ነው። ሃንዲካፕዋ 36 እንደሆነ፣ ታዝማኒያ ሄዳ ባርንቡግል በሚባለው ሜዳ ላይ ከፊተኛው ቲ (ለግሪኑ ቀረብ ካለው የመነሻ መምቻ ቦታ) ተጫውታ ያጣችው ኳስ ሦስት ብቻ እንደነበረ ነገረችው። እዚያው ጎን ያለው ሎስት ፋርም 20 ጉድጓድ እንዳለውና ሁለቱ ትርፍ ጉድጓዶች ከሁሉ በላይ እንዳስደሰቷት ጨመረች። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት እስከ 54 የሚፈቅደው ለምን ይመስልሃል ብላ በጥያቄ ዘጋችው።

መልስ 11 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሄሊኮፕተር ተራራ ላይ ተወጥቶ የሚመታ 19ኛ ጉድጓድ እንዳለ፣ ከ400 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚታየው ግሪንም በአፍሪካ ካርታ ቅርጽ እንደተሠራ ነገረን። ማንም አልጠየቀውም፣ ግን ሁላችንም ፎቶውን ፈልገን አየን።

መልስ 12 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ይህችም ሴት ናት፣ ሮያል ካውንቲ ዳውንን ተጫውታዋለች። የምታወራው ስለ 9ኛው ጉድጓድ ነው። ከቲው ላይ የሚታየው ኮረብታና በላዩ ያለች ነጭ የተቀባች ድንጋይ ብቻ ነች፤ ዱላ ተሸካሚዋ ካዲው ድንጋይዋን አነጣጥራ እንድትመታ አሳያት። መታች፣ ኳሱ ከኮረብታው ማዶ ጠፋ። ሽቅብ ስትወጣ ዓይኗ ከራሷ እግር በቀር የሚያየው አልነበረውም። ጫፉ ላይ ስትደርስ መሬቱ ከፊቷ ድንገት ወረደ፤ ከታች ፌርዌዩ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው የታጨደ ሣር)፣ ከሩቅ ግሪኑ፣ ከግሪኑ ኋላ የቀይ ጡብ ሆቴል ማማ፣ ከማማው በላይ 850 ሜትር የሚደርሰው ስሊቭ ዶናርድ ግማሹን በደመና ተሸፍኖ። ኳሷ የት እንደወደቀ ማየት ረሳች። ካዲው ብዙ ሰው እዚህ እንደሚቆም ያውቃልና ከረጢቱን አውርዶ ጠበቃት። ፎቶ አንሥታ ማታ ስታየው ምንም የለበትም፤ ሽቅብ መውጣቱ ፎቶ ውስጥ አይገባምና። ቢጫው የቁጥቋጦ አበባ ስላለ በፀደይ ብትሄዱ ይሻላል የሚል ምክር አክላለች።

መልስ 4 ሜዳ በፎቶ ሳይሆን ተጫዋቹ ቆሞ በሚያየው ይመረጥ ሲል ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ጠቡ የተነሣውም ከዚሁ ነው። መልስ 13 ስልክ ይዘው ገደል ጫፍ ላይ የሚደረደሩ ሰዎች የአራት ሰዓቱን ጨዋታ ስድስት ሰዓት እንዳደረጉበት፣ ዕይታ የሚፈልግ ሰው ዱላውን ቤቱ ትቶ አስጎብኚ ይከራይ ሲል ጻፈ። መልስ 14 ደግሞ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ አንድ ደቂቃ ቢቆም ማንን ጎዳ አለና፣ 13ኛው ራሱ ከእያንዳንዷ ፑት (ግሪን ላይ ኳሱን የምታንከባልል ምት) በፊት መስመሩን ሊያይ አራት ጊዜ በሆዱ የሚተኛ ዓይነት ሳይሆን እንደማይቀር ጠረጠረ። እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ። ፎቶው ይነሣ፣ ግን የመምቻ ተራ ሲጠበቅ እንጂ ተራ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

መልስ 15 ሁለቱን ሳያይ ስለ ሎፎተን አወራ። እኩለ ሌሊት ላይ ለመጫወት ከዓመት በፊት ቀጠሮ ይዞ ሄደ፤ ሲደርስ ካፊያ ነበር። ፀሐይዋ አልጠለቀችም፣ ግን አልታየችም። ጓንቱ ረጥቦ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩም ባሕሩም አንድ ዓይነት አመድማ ሆነው፣ ነጩን ኳስ ከአየሩ መለየት እያቃተው ጨረሰ። ያሰበውን አንዱንም አላገኘም፤ እንደገና ሊሄድ ግን እያጠራቀመ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሻንጣ ውስጥ ገባ። መልስ 16 አንድ አየር መንገድ የረጅሙን ዱላውን፣ የድራይቨሩን፣ አንገት ሰብሮ እንዳስረከበው አማረረ። መልስ 17 ጠንካራው የፕላስቲክ ሣጥን ይሻላል ባይ ነው፤ መልስ 18 ሣጥኑ የኪራይ መኪና ውስጥ ስለማይገባ ለስላሳው ከረጢት ይበልጣል አለ፣ ከረጅሙ ዱላ የሚረዝም መደገፊያ ዘንግ መሃሉ ላይ እስከቆመና ዱላዎቹ በልብስ እስከተጠቀለሉ ድረስ። መልስ 17 ተመልሶ ስለ መኪና ማውራት ጀመረ። በ19ኛው ላይ አወያዩ ገባና ወደ ርዕሱ እንድንመለስ፣ ደግሞም በሰው ፑት እንዳንሳሳቅ አሳሰበ።

በ20ኛው ጠያቂው ብቅ አለ። ሃንዲካፑ 22 ነው። አብሮት የሚሄደው ደግሞ አባቱ ነው፤ ጎልፍ ያስተማረው እሱ ነው፣ አሁን ሰባ አምስት አልፎታል፣ ጉልበቱ ታሞ 18 ጉድጓድ በእግሩ መዞር አይችልም። ይህን በሁለት መስመር አስቀምጦ፣ ቀደም ብዬ ባለመናገሬ ይቅርታ አለ።

ሃያ መልስ ሙሉ እኮ ስለ ሌላ ሰው ጉዞ ስናወራ ነበር! ትንሽ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን ማንም አብሮት የሚሄደው ማን እንደሆነ እንዳልጠየቀው ታወሰኝ። ሃንዲካፑን የጠየቀው እንኳ 9ኛው ብቻ ነው።

መልስ 21 ያው 9ኛው ሰው ነው፣ ወደ እርስዎ ተመልሷል። አባትህ ማለት አልሆንልህ ብሎት ይሆናል። አነጋገሩም ረጋ አለ፦ ጥያቄው አሁን ዕይታ ሳይሆን ተጫዋች የሚሳፈርበት ጋሪ ነው። ኦሪገን ያለው ባንደን ዱንስ በእግር ብቻ የሚኬድበት ስለሆነ አይታሰብ። ብዙ የሊንክስ ሜዳዎች የኤሌክትሪክ ጋሪ የሚሰጡት በሐኪም ማስረጃ ነው፣ ያውም ጥቂት ብቻ አላቸው። ጋሪ በሚገኝበት በፔብል ቢችም ጋሪው ከተነጠፈለት መንገድ አይወጣም፤ ኳሱ ከሜዳው ማዶ ከወደቀ ሽማግሌው አግድም ሄዶ አግድም ይመለሳል፣ በቀን መቶ ጊዜ። ይህን ከፎቶ ማንም አያውቀውም።

መልስ 22 ተራራ እንሂድ አለ። ካናዳ ውስጥ ስታንሊ ቶምፕሰን የሠራው ባንፍ ስፕሪንግስ ላይ፣ 4ኛው ጉድጓድ የዲያብሎስ ድስት በሚባለው ኩሬ ላይ አሻግሮ ይመታል፣ የዱር አጋዘንም ፌርዌይ ላይ ይተኛል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ክራን ሱር ሲዬር 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ኳስ ወደ 10 በመቶ አርቆ ይበራል፣ ለሽማግሌ ትከሻ ስጦታ ነው። ተራራ ከጋሪ ላይም ሆኖ ይታያል። መልስ 23 ተራራ እንደ ፖስታ ካርድ አይንቀሳቀስም፣ ባሕር ብቻ ነው ሕይወት ያለው ብሎ ሲመልስ፣ መልስ 24 ባሕር ማለት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው አለ። ሌላ ሁለት ገጽ ሊሄዱ ሲሉ አወያዩ አስቆማቸው።

መልስ 25 ሰሜን አየርላንድን ብቻ ያዙ አለ። ከሮያል ካውንቲ ዳውን እስከ ሮያል ፖርትራሽ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፖርትራሽ በ1951፣ በ2019 እና በ2025 ዘ ኦፕን የሚባለው ታላቅ ውድድር የተካሄደበት፣ 5ኛው ግሪኑ ከባሕር ዳርቻው በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ የአባትየውን ጉልበት ግን ረስቶታል።

መልስ 26 ነው ነገሩን የቋጨው፤ የጻፈችውም ያችው የ36 ሃንዲካፕ ባለቤት ናት። ሻንጣ በየቀኑ መሸከም ይቅርና አንድ ከተማ ላይ ይደር፣ ስኮትላንድ ያለችው ሴንት አንድሩስ። የከተማዋ ኦልድ ኮርስ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ አስቀድሞ ስም አስገብቶ ዕጣ መጠበቅ ይቻላል፣ የሃንዲካፕ ማስረጃ መያዝ ግን ግድ ነው። ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በ2000 የተከፈተው ኪንግስባርንስ አለ፤ እዚያ ባሕሩ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ማለት ይቻላል ይታያል፣ የመልስ 4ን መቁጠሪያ ያለፈ ሜዳ ነው። አባትየው ደግሞ ከሰባቱ የሴንት አንድሩስ ሜዳዎች ትንሹን፣ ዘጠኝ አጫጭር ጉድጓዶች ያሉትን ባልጎቭን፣ ከልጁ ጋር ቀስ ብሎ ሊዞር ይችላል። እሑድ ኦልድ ኮርስ፣ ከትልልቅ ውድድሮች በቀር፣ ለጎልፍ ዝግ ነው፤ ሰው ሁሉ ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ሽማግሌው ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ዱላ፣ እስከቻለበት ድረስ በ18ኛው ፌርዌይ ላይ ሄዶ ስዊልካን የሚባለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሊሻገር ይችላል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሂማላያስ የሚባለው አለ፤ በ1867 የተቋቋመው የሴቶች ፑቲንግ ክለብ ሜዳ፣ ከዳር እስከ ዳር ጉብታና ጎድጓዳ ብቻ። በተወሰኑ ሰዓታት ለማንም ክፍት ነው። ረጅም መምታት የለም፣ ርቆ መሄድም የለም፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ልጁን ሊያሸንፍ የሚችልበት ሜዳ ነው።

መልስ 27 ኦልድ ኮርስ ከመቶ በላይ የአሸዋ ጉድጓድ ያለበት ጠፍጣፋ የበግ ግጦሽ እንጂ ውብ ሜዳ አይደለም ሲል ተቃወመ። እውነት አለው፤ ተራራና ገደል የለውም። መልስ 28 ግን ውበቱ መጨረሻ ላይ፣ ግራጫው የድንጋይ ከተማ ወደ ተጫዋቹ ሲቀርብ እንደሚመጣ፣ በጁን ብርሃኑ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ ከእራት በኋላም የሚታይ ነገር እንዳለ መለሰለት።

መልስ 29 የጠያቂው ነው። ጁን፣ ሴንት አንድሩስ፣ ሦስት ጨዋታ ለእሱ፣ የቀረው ለሁለቱም። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሜዳዎች አንዱም የለበትም። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ አባቱ ለሠላሳ ዓመት የያዘው አሮጌ ፑተር (ፑት የሚመታበት ዱላ) አለው፤ ሂማላያስ ላይ ፑተርና ኳስ እንደሚሰጥ አንብቧል፣ ታዲያ ይህን ከባድ ዕቃ መሸከም ያስፈልግ ይሆን?

መልስ 30 አያስፈልግም፣ እዚያው ይሰጣል አለ። መልስ 31 ደግሞ የ9ኛው ሰው ነበር። ይያዝ አለ። ጭንቅላቱ በሁለት ወፍራም ካልሲ ይጠቅለል፣ ዘንጉ ከመደገፊያው ጋር ይታሰር፣ ከረጢቱ ውስጥም መሃል ላይ እንጂ ዳር ላይ አይቀመጥ።